የጎልፍ ሜዳ ሣር የሙቀት ወራትን እንዴት ይሻገራል?

በሙቀት ወራት የጎልፍ ሜዳ ሣር መሞት የሚጀምረው ከሥሩ ነው። ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ተጫዋቹም ሜዳው ደህና ነው ብሎ ኳሱን መትቶ ያልፋል። ከዚያ አንድ ደረቅና ነፋሻማ ከሰዓት በኋላ ይመጣና ጠዋት ያማረው መሬት እስከ ምሽት የገለባ ቀለም ይይዛል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በዚያች ቀን ፀሐይ ላይ ይደፈድፋል። ሥሩ ግን ካለቀ ቆይቷል፤ የዚያን ዕለት የሆነው ጉዳቱ ለዓይን መታየቱ ብቻ ነው።

የሜዳ ባለሙያ በእነዚህ ወራት የሚወስደው ውሳኔ ከውጭ ለሚያየው ሰው ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው። ሣሩ እየጠወለገ ውሃ ይከለክላል፤ ሣሩ እየገረጣ ማዳበሪያ ይቀንሳል፤ ውድድር እየቀረበ የማጨጃውን ምላጭ ከፍ ያደርጋል። ከእነዚህ ውሳኔዎች በስተጀርባ ያለው ጥያቄ አንድ ነው። ሣሩ ዛሬ ከሚሠራው ምግብ በላይ እንዲያወጣ እያስገደድነው ነው ወይስ አይደለም?

ሙቀት ሣርን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ለጎልፍ ሜዳ የሚውሉ ሣሮች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ቀዝቃዛ አየር የሚስማማቸው ናቸው፤ ቤንትግራስ፣ ፖአ አኑዋ፣ ራይግራስና ብሉግራስ ከዚህ ወገን ይቆጠራሉ። ቅጠላቸው በደንብ የሚያድገው የአየሩ ሙቀት ከ16 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ሥሮቻቸው ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያለ፣ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ የሆነ አፈር ይፈልጋሉ። ሁለተኛዎቹ ሙቀት ወዳዶች ናቸው፤ ሰርዶ፣ ዞይዢያ እንዲሁም ፓስፓለም የሚባለው የባሕር ዳርቻ ሣር። እነዚህ ከ27 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይፋፋሉ፤ ብርድ ሲመጣ ግን ቡናማ ሆነው ይተኛሉ። በዚህ ጽሑፍ በስፋት የምናየው የመጀመሪያውን ወገን ነው፤ የሙቀት ወራት ፈተና የሚሆኑት በዋናነት ለእርሱ ነውና።

ልዩነቱ የሚመነጨው ቅጠሉ ውስጥ ከሚካሄደው ሥራ ነው። ሣር በፀሐይ ብርሃን ኃይል ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ስኳር ይሠራል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚይዘው ሩቢስኮ የተባለ ኢንዛይም ነው። ይህ ኢንዛይም አንድ ትልቅ ድክመት አለው፤ አንዳንድ ጊዜ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ ኦክሲጅን ይይዛል። ያን ጊዜ ሣሩ ስኳር ከማግኘት ይልቅ ስህተቱን ለማረም ኃይል ያባክናል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ስህተቱም ይበዛል። ሰርዶና መሰሎቹ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስቀድመው በቅጠሉ ጅማት ዙሪያ ባሉ ልዩ ሕዋሳት ውስጥ ስለሚያከማቹት ሩቢስኮ የሚሳሳትበት ዕድል ጠባብ ነው። ቤንትግራስ ይህ ስልት የለውም።

በሌላ በኩል ሣር ሕያው ስለሆነ ይተነፍሳል፤ ለመተንፈስም ስኳር ያቃጥላል። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ይህ ማቃጠል በግምት እጥፍ ይሆናል። ስኳር መሥራት በቀን ብቻ ሲሆን ማቃጠሉ ግን ሌሊቱንም ይቀጥላል። ነገሩን እንደ አንድ ቤት ገቢና ወጪ ማየት ይቻላል፤ ገቢው ቀንሷል፣ ወጪው ጨምሯል፣ ስለዚህ ቤቱ የሚኖረው ከቁጠባው እየቆነጠረ ነው። ቁጠባው ሲመናመን ሣሩ መጀመሪያ የሚያስርበው ከስኳሩ ምንጭ የራቀውን ክፍል፣ ማለትም ሥሩን ነው። በፀደይ ወራት 15 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ወርዶ የነበረ ሥር በሙቀቱ አጋማሽ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ይገኛል።

የሌሊቱ ጉዳይ ተገቢውን ትኩረት አያገኝም። ቀኑ 35 ዲግሪ ደርሶ ሌሊቱ ወደ 15 የሚወርድ ከሆነ ሣሩ ጥቂት ያርፋል፤ አፈሩም ይቀዘቅዛል። ቀኑ 31 ሌሊቱ 24 ከሆነ ግን እረፍት የለም። በቤንትግራስ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የአየሩ ሙቀት ምቹ ሆኖ እንኳን አፈሩ ብቻ ቢሞቅ ሣሩ ክፉኛ ይጎዳል፤ አፈሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ሞቃት አየርን በተሻለ ይቋቋማል። ስለዚህ የሜዳ ባለሙያ የሚከታተለው ትንበያው ስለ ነገ እኩለ ቀን የሚናገረውን ብቻ አይደለም። ከአምስት እስከ አስር ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው አፈር ንጋት ላይ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ማወቅ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ግማሽ ሚሊ ሜትር

ከጎልፍ ሜዳ ሁሉ እጅግ ስሱ የሆነው ክፍል ግሪን የሚባለው፣ ጉድጓዱና ባንዲራው ያሉበት ለስላሳ መደብ ነው። ከሜዳው ጠቅላላ ስፋት ጥቂት በመቶ ብቻ ቢሆንም ከባለሙያው ጭንቀት ግማሹን የሚወስደው እርሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱ ቁመቱ ነው። ራፍ የሚባለው የሜዳው ዳር ረጅም ሣር ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ፌርዌይ የሚባለው ወደ ግሪን የሚወስደው ዋና የመጫወቻ መስመር ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሲታጨድ ግሪን ግን በ3 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ ይታጨዳል። ስኳር የሚሠራው ቅጠል ነው፤ ቅጠሉ ደግሞ በየማለዳው ተቆርጦ ይወሰዳል። አንድን ተክል በዚህ ቁመት ይዞ በሕይወት ማቆየት በራሱ የሚደነቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ሙቀቱ ሲበረታ የመጀመሪያው እርምጃ ምላጩን ከፍ ማድረግ ነው። ከ3 ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ለዓይን አይታይም፤ ለሣሩ ግን የቅጠሉ ቁመት በአንድ ስድስተኛ ጨመረ ማለት ነው። ያ ጭማሪ ስኳር ይሠራል፣ አፈሩን ያጠላል፣ የሣሩን አንገት ከቀጥተኛ ፀሐይ ይጋርዳል። ይህን ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚያህል ርካሽ መድኃኒት አላውቅም፤ ያን ያህል የሚያከራክርም የለም። ተጫዋቾች የሚፈሩት ሣሩ ሲረዝም ኳሱ ቀስ ብሎ እንዳይንከባለል ነው።

ለዚህ ስጋት መልስ አለው። ከማጨድ ይልቅ በቀላል ሮለር መዳመጥ ይቻላል። ሮለር የመሬቱን ገጽ ስለሚያለሰልስ ኳሱ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ከቅጠሉም አንዲት ሚሊ ሜትር አይቆረጥም። አንድ ቀን ማጨድ አንድ ቀን መዳመጥ የሚለው ስልት በብዙ ሜዳዎች የተለመደውም በዚህ ምክንያት ነው። መጠኑ ካልበዛ መዳመጥ ዶላር ስፖት የተባለውን በሽታ እንደሚቀንስም ታይቷል። ከዚህ ጋር ምላጩ ስለታም መሆን አለበት። የደነዘዘ ምላጭ ቅጠሉን ይበጣጥሰዋል፤ በተበጣጠሰው ጫፍ በኩል ውሃ ይባክናል፣ ፈንገስም ይገባል። የማጨጃው መኪና ግሪኑን ዞሮ የሚያጠናቅቅበት የዳር መስመር በየቀኑ በአንድ ቦታ ስለሚረገጥ ቶሎ ይሳሳል፤ በአስቸጋሪ ሳምንታት ያንን ዙር አልፎ አልፎ መዝለል ዳሩን ያድነዋል።

የፍጥነት ነገር ሲነሳ ስቲምፕሜትርን ማለፍ አይቻልም። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1935 የሠራው መሣሪያ ሲሆን በኋላ የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር አሻሽሎ በ1970ዎቹ መጨረሻ ለሜዳዎች አሠራጨው። 91 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ መሐሉ የጎደጎደ የብረት ዘንግ ነው። ኳሱ ተቀምጦበት ቀስ ተብሎ አንድ ጫፉ ይነሳል፤ ኳሱ ይለቀቃል፤ የተንከባለለው ርቀት ይለካል። ማኅበሩ መሣሪያውን ያሠራጨው የአንድ ሜዳ ግሪኖች እርስ በርስ እንዲመሳሰሉ ለማገዝ ነበር። ዛሬ ግን ቁጥሩ በሜዳዎች መካከል የፉክክር መለኪያ ሆኗል። በእኔ እምነት በሙቀት ወራት ከሚሞቱት ግሪኖች ብዙዎቹ የሚሞቱት ለዚህ ቁጥር ሲባል ነው፤ ይህም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ተጫዋች የጥቂት ሴንቲ ሜትር ልዩነትን በእግሩም በዓይኑም አይለየውም።

ውሃ፦ ሁሉም የሚሳሳትበት

ሣር ውሃን የሚጠቀመው ለመጠጣት ብቻ አይደለም፤ ለመቀዝቀዝም ነው። ቅጠሉ ውሃ ሲያተን ከገላው ሙቀት ይወሰድለታል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት ያንኑ ሊትር ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እስከ መፍላት ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሰባት እጥፍ ያህል ነው። በሞቃት፣ ደረቅና ነፋሻማ ቀን ከሣሩና ከአፈሩ የሚተነው ውሃ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ማለት አንድ ሊትር ነው፤ ስለዚህ 500 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ግሪን በቀን 6 ሚሊ ሜትር ቢያጣ 3,000 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ይህን የጠፋውን ውሃ በየቀኑ ማስላት ይቻላል፤ ብዙ ሜዳዎችም ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ነፋስንና የፀሐይ ጨረርን የሚመዘግብ ጣቢያ አላቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ያጣውን ሁሉ ልመልስ ሲባል ነው። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን ኦክሲጅንም ይፈልጋል። ኦክሲጅን በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ባለ አየር እንደ ልቡ ይዘዋወራል፤ ቀዳዳዎቹ በውሃ ከተሞሉ ግን እንቅስቃሴው በ10,000 እጥፍ ገደማ ይዘገያል። ሥሩ ታፍኖ ውሃ መምጠጥ ያቆማል። ከዚያ የሚታየው ነገር ልምድ የሌለውን ሰው ያታልላል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሣሩ ይጠወልጋል። ጥም መስሎት ውሃ የሚጨምር ሰው ያዳነ እየመሰለው ይጨርሰዋል። ከከባድ የከሰዓት ዝናብ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ በጎድጓዳ ቦታ የቆመው ውሃ ሞቆ ሣሩን መቀቀሉም እንዲሁ ነው። ከድርቅ ይልቅ በውሃ ብዛት የሚጠፋው ሣር ብዙ ነው ብለው የሚሟገቱ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ። የደረቀ ሣር በጊዜ ከተደረሰለት ይመለሳል፤ ሥሩ የበሰበሰ ግን አይመለስም።

ስለዚህ ከማጠጣት በፊት መለካት ያስፈልጋል። የአፈር እርጥበት መለኪያ የሚባለው ባለ ሁለት ዘንግ መሣሪያ መሬት ውስጥ ሲሰካ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ ስንት እንደሆነ ያሳያል። ባለሙያው በአንድ ግሪን ላይ በበርካታ ነጥቦች ይሰካዋል፤ ምክንያቱም ከፍ ያለው ጉብታ ደርቆ ዝቅ ያለው ዳር ረግረግ ሊሆን ይችላል። መላውን ግሪን የሚያጠጣ መርጫ ለሁለቱም እኩል ይሰጣል፤ ይህ ደግሞ ለአንዱ ያንሳል ለሌላው ይበዛል። የሙቀት ወራት እውነተኛ መሣሪያ በሰው እጅ የተያዘ ቱቦ ነው። ሠራተኛው የደረቀውን ጉብታ ብቻ ያጠጣል፣ የቀረውን ይተወዋል። ይህ አድካሚ ሥራ ነው፤ በፀሐይ ላይ፣ በየሰዓቱ፣ በ18 ግሪኖች ላይ። ሜዳው አምሮ ሲታይ ምስጋናው ለእነዚህ ሰዎች መድረስ ያለበት ይመስለኛል።

ዋናው ውሃ የሚሰጠው ከንጋት በፊት ነው። ያን ሰዓት ነፋስ የለም፣ ትነት ትንሽ ነው፣ ሣሩም ጤዛ ስላለበት ተጨማሪ የእርጥበት ሰዓት አይጨመርበትም። ምሽት ላይ ማጠጣት ግን ቅጠሉን ሌሊቱን ሙሉ አርጥቦ ለፈንገስ ይደግሳል። ሥሩ እስካለ ድረስ ጠለቅ አድርጎ አጠጥቶ ቀናት መተው ይሻላል፤ አፈሩ ሲደርቅ አየር ይገባል፣ ሥሩም ውሃ ፍለጋ ይወርዳል። ሥሩ ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ካጠረ በኋላ ግን ይህ ደንብ አይሠራም፤ ሥሩ በማይደርስበት ጥልቀት ያለ ውሃ ለሣሩ የለም ማለት ነው። ያን ጊዜ ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መስጠት ግድ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኞች ግሪን ላይ ለአንድ ለሁለት ደቂቃ ስስ ውሃ ሲያርከፈክፉ የሚያይ ተጫዋች ማጠጣት ይመስለዋል። ውሃው ግን ለአፈሩ አይደለም፤ ቅጠሉ ላይ አርፎ እንዲተንና ሙቀት ይዞ እንዲሄድ ነው። ቅጠሉን በጥቂት ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል፤ ውጤቱም ብዙ አይቆይም። የሚሠራው አየር ሲንቀሳቀስ ነው። በዛፍ በታጠረ፣ ነፋስ በማያገኝ፣ እርጥበት ባየለበት ጥግ ትነት ስለሌለ ርጭቱ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በእንዲህ ያለ ቦታ ትልልቅ የአየር ማራገቢያ ተተክሎ ሌሊትና ቀን ሲሠራ ይታያል። የጠዋት ፀሐይ የሚጋርድ ዛፍ ካለ ደግሞ ቅርንጫፉን መመልመል ወይም ዛፉን ማንሳት ከማራገቢያም የበለጠ ይረዳል።

አንድ ሌላ እንግዳ ነገር አለ። በአሸዋ ላይ በተሠሩ ግሪኖች አንዳንድ ቦታዎች ውሃን እምቢ ይላሉ። የበሰበሰ ቅጠልና ሥር የሚተወው ሰም መሰል ነገር የአሸዋውን ቅንጣቶች ይለብሳቸዋል፤ ውሃ ሲፈስበት እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይሄዳል። ከሥሩ ያለው አሸዋ ዱቄት ሆኖ ሳለ ላዩ እርጥብ ይመስላል። መድኃኒቱ የውሃውን ገጽ ውጥረት የሚቀንስ፣ በባሕርዩ ከሳሙና የሚቀራረብ አርጣቢ ፈሳሽ ሲሆን ቦታው ከመድረቁ በፊት፣ ከሙቀቱ መግቢያ ጀምሮ በየተወሰነ ጊዜ መሰጠት አለበት።

አሸዋ የተመረጠው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣውና በኋላ ደጋግሞ ባሻሻለው አሠራር ግሪን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋማ አፈር ከ10 ሴንቲ ሜትር ጠጠር በላይ ተነጥፎ ይሠራል። አሸዋው ሲረገጥ አይጠጥርም፤ ትርፍ ውሃ በጠጠሩ በኩል ይወጣል። ከጠጠሩ በላይ ያለው አሸዋ ደግሞ እስኪሞላ ድረስ ውሃውን ስለማይለቅ ለደረቅ ቀን የሚሆን ጥቂት ክምችት ይይዛል። በአንዳንድ ታላላቅ ሜዳዎች ከግሪኑ ሥር ባሉት የፍሳሽ ቱቦዎች በኩል አየር የሚስብና የሚነፋ መሣሪያ ተገጥሟል፤ ሳብኤየር የሚባለው ይህ ሥርዓት የተፈለሰፈው ኦገስታ ናሽናል በተባለው የአሜሪካ ጎልፍ ክለብ በ1990ዎቹ ነው።

ውሃ መከልከልም ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኒውዮርክ ግዛት በሺነኮክ ሂልስ ሜዳ በተካሄደው ዩኤስ ኦፕን የተባለ ታላቅ የጎልፍ ውድድር የመጨረሻ ቀን ግሪኖቹ ከመጠን በላይ ደርቀው ነበር። በተለይ በሰባተኛው ግሪን ላይ ኳስ ማቆም ስላልተቻለ ሠራተኞች በተጫዋች ቡድኖች መካከል እየገቡ ውሃ ለመርጨት ተገደዱ። ከቀኑ ተጫዋቾች አንድም ሰው ከሜዳው መደበኛ የምት ብዛት ባነሰ ምት አልጨረሰም። በዓለም ላይ ካሉት የተሻሉ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ሜዳ ጥቂት ሰዓታት የነፋስና የፀሐይ ስሌት መዛባት ይህን አደረገ።

ምግብና በሽታ

ናይትሮጅን ቅጠልን ይገፋል። በሙቀት ውስጥ ያለ ቤንትግራስ ብዙ ናይትሮጅን ካገኘ የቀረችውን ስኳር አዲስ ቅጠል ለማብቀል ያውላታል፤ ያንን ቅጠል ማጨጃው በማግስቱ ይወስደዋል፤ ሥሩም ባዶ እጁን ይቀራል። ቡቃያው ለስላሳ ስለሆነ በሽታም በቀላሉ ይይዘዋል። ጨርሶ መከልከልም አይሆንም፤ የተራበ ሣር ከቁስሉ አያገግምም፣ ለዶላር ስፖትና አንትራክኖስ ለተባለው ሌላ በሽታም ይጋለጣል። የተለመደው መፍትሔ በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንቱ በካሬ ሜትር ግማሽ ግራም ያህል ናይትሮጅን በፈሳሽ መልክ ቅጠሉ ላይ መርጨት ነው። ቀለሙ ከገረጣ ብረት መጨመር ሣሩን ሳያሳድግ ያጠቁረዋል፤ ሜዳውን በቀለሙ ብቻ ለሚመዝን ሰው ይህ ይበቃል።

የእድገት መቆጣጠሪያም አለ። ትሪኔክሳፓክ ኢታይል የተባለው ኬሚካል ሣሩ ለመርዘም የሚጠቀምበትን ጂበሬሊን የሚባል ሆርሞን ያግዳል። ሣሩ ወደ ላይ መርዘሙን ይቀንሳል፣ ጥቅጥቅ ይላል፣ ስኳሩንም ይቆጥባል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት መድኃኒቱን በቀን መቁጠሪያ መስጠት ነው። ሣሩ ኬሚካሉን የሚያፈርሰው በሙቀት መጠን ነውና ጊዜው የሚቆጠረው የየቀኑን አማካይ ሙቀት በመደመር ነው፤ በግሪን ላይ ድምሩ 200 ዲግሪ ሲደርስ እንደገና ይረጫል። አማካዩ 10 ዲግሪ በሆነበት ወቅት ይህ 20 ቀን ይፈጃል፤ አማካዩ 25 ሲሆን ግን በስምንት ቀን ያልቃል። ያን ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ የሚረጭ ሰው በመሐል ሣሩ ከቀድሞው በባሰ ፍጥነት ሲፈናጠር ያያል።

በሽታን በተመለከተ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ ሊታመም የሚችል ሣር፣ ፈንገሱና ምቹ አየር። ፈንገሱ ሁልጊዜም አፈር ውስጥ አለ፤ ሣሩም አለ። የሚለዋወጠው አየሩ ነው። የቀኑና የሌሊቱ ሙቀት አማካይ ከ24 ዲግሪ ሲያልፍና እርጥበቱ ሲከብድ ባለሙያዎች ንቁ ይሆናሉ። ሌሊቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቅጠሉ ለሰዓታት ከረጠበ ፒቲየም የተባለው በሽታ በአንድ ሌሊት ፌርዌይ ሊያጠፋ ይችላል፤ ውሃንና የማጨጃ ጎማን ተከትሎ በመስመር በመስመር ይሄዳል። ብራውን ፓች በክብ ቅርጽ ያቃጥላል። ዶላር ስፖት ግን ሳንቲም የሚያካክሉ ነጭ ነጠብጣቦች ይተዋል።

ጤዛን ማንሳት እዚህ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው። ጠዋት ቅጠሉ ጫፍ ላይ የሚታየው ጠብታ ከአየር የወረደ ብቻ ሳይሆን ከሣሩ ራሱ የወጣም ነው፤ ስኳርና አሚኖ አሲድ ስላለበት ለፈንገስ ምግብ ይሆናል። ሁለት ሰዎች ረጅም ገመድ ወይም ቱቦ ይዘው ፌርዌዩን ሲጎትቱ ቅጠሉ ከሰዓታት በፊት ይደርቃል፤ በሽታውም ይቀንሳል። ፀረ ፈንገስ መድኃኒትም ያስፈልጋል፤ ነገር ግን አንዱን ዓይነት ደጋግሞ መርጨት ፈንገሱ እንዲለምደው ያደርጋል። ስለዚህ በተለያየ መንገድ የሚገድሉ መድኃኒቶች በተራ ይሰጣሉ።

መሬቱን መብሳትና መርገጥ

በግሪን ላይ የሞተ ሣርና ሥር እየተከማቸ ስፖንጅ የመሰለ ንጣፍ ይፈጥራል። ይህን በትልቅ ውስጠ ባዶ ሹል መብሳትና በአሸዋ መሙላት የፀደይና የመጸው ሥራ ነው። በሙቀቱ አናት ላይ ቁስሉ ስለማይድን አይደረግም። የሚደረገው እንደ እርሳስ በቀጠነ ወይም ከዚያ ባነሰ ድፍን ሹል መሬቱን በጥቂቱ መውጋት ነው፤ ኳሱን አያውክም፣ አየር ግን ያስገባል፣ የተከማቸ ጋዝም ያስወጣል። በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ቢደገም ሥሩ ከመታፈን ይድናል።

የጠወለገ ሣር ሲታይ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ያደላል፤ ሰው ሲረግጠውም ዱካው ተመልሶ አይነሳም። ያን ሰዓት የጎልፍ መኪና ቢያልፍበት የጎማው መንገድ ለሳምንታት ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ሕዋሳቱ ውሃ ስለሌላቸው ተጨፍልቀዋልና። መኪኖችን በጥርጊያው መንገድ ብቻ ማስኬድ ተጫዋቾችን ያስቆጣል፤ ግን አማራጭ የለውም። 108 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ጉድጓድ በየቀኑ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወርም ለጨዋታው ለውጥ ብቻ ሳይሆን የሰው እግር አንድ ቦታ እንዳይደጋገም ነው።

ሰርዶ ባለባቸው ሜዳዎች የሥራው ጊዜ ሰሌዳ ይገለበጣል። በሙቀቱ ወቅት ሰርዶ በኃይል ስለሚያድግ መብሳት፣ ሣሩን ማሳሳት፣ አሸዋ መንዛት የሚገባው ያን ጊዜ ነው። የጥቃቅን ቅጠል ሰርዶ ዝርያዎች ከተሻሻሉ ወዲህ ሞቃታማ አካባቢ ያሉ ሜዳዎች ቤንትግራስን እየተዉ ነው። በሰሜን ካሮላይና ያለው የፓይንኸርስት ቁጥር 2 ሜዳ እ.ኤ.አ. በ2014 የዩኤስ ኦፕን ውድድሮችን ካስተናገደ በኋላ ግሪኖቹን ወደ ሰርዶ ቀይሯል። ቤንትግራስን በየዓመቱ ሲያጣጥሩት ከመኖር ይህ ቅን ውሳኔ ይመስለኛል።

ሁሉም ተደርጎ ጥቂት ቦታ ቢሞትስ? በሙቀቱ መሐል ዘር መዝራት ብዙ አያዋጣም፤ ቡቃያው ሥር ሳይሰድ ይቃጠላል። ለአስቸኳይ ጊዜ ከመለማመጃ ግሪን ቁራጭ ሣር አምጥቶ መትከል ይቻላል። ሰፊው ጥገና የሚጀምረው ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው። የቤንትግራስን ቦታ የሚሻማው ፖአ አኑዋ የአፈሩ ሙቀት ከ21 ዲግሪ በታች ሲወርድ በብዛት ይበቅላል፤ ስለዚህ የቤንትግራስ ዘር ከእርሱ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ አፈር ውስጥ መግባት አለበት። አዲሱ ቡቃያ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ብቅ ይላል። እስኪጠነክር ድረስ ምላጩ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ ከዚያ በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ይወርዳል።